ቀላሉ ድንጋይ

የሰደበኝ አቶ ገብረአምላክ ነው። ቀኑ ጥር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ቃና ዘገሊላ ነበር። የሚካኤል ታቦት ገብቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ እዚሁ ነገሌ ቦረና፣ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ ሰደበኝ። የለበሰው ኮት ቡናማ ነው። ከቁልፎቹ አንዱ ጠፍቶ በጥቁር ተተክቷል። ስድብ ይረሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። ምናልባት በደንብ ያልተሰደቡ ይሆናሉ።

ፊት ለፊት ሳገኛቸው «እርስዎ» እላቸዋለሁ፤ ስጽፍ ግን «እሱ» ነው የምለው። ይህችን ያህል ይፈቀድልኝ።

ልጁን የዓለምወርቅን እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ልኬ ነበር። በወጉ ጠያቂው አብሮ ስለማይሄድ፣ እኔ መንገዱን ተሻግሬ ከሐጂ ራሺድ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምኩ። ቀስ ብሎ ቢናገር ኖሮ ባልሰማሁ ነበር። እሱ ግን እንድሰማው ፈልጎ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እኔ ልጄን ለሰው ነው የምሰጣት» አለ። «ለበርሜል አንከባላይ አይደለም።» ከዚያ በሽማግሌዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝና፣ «ስማ፣ አንተ። ያንን ቡት ጫማህን ሁለተኛ በዚህ በር ላይ እንዳላየው» ብሎ ዘጋው።

የዘጋውን በር የገጠምኩት እኔ ነኝ።

ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ያን ጊዜ የነበረው አለቃችን ወዳጁን አቶ ገብረአምላክን ለማስደሰት ብሎ እኛን ወታደሮቹን ለቤት ሥራ አውሶት ነበር። ጥዱን ከጫካ የቆረጥነው፣ ምሰሶውን ያቆምነው፣ ቆርቆሮውን የመታነው እኛ ነን። ሲጠማን ውሃ የሚወጣልን በዘይት ጣሳ ነበር። አንድ ቀን ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጣሳውን እጄ ላይ አየችው። ገባችና ውሃ በብርጭቆ፣ ብርጭቆውን በሳህን ላይ አድርጋ ይዛልኝ መጣች።

«እጄ ጭቃ ነው» አልኳት።

«ብርጭቆ ይታጠባል» አለች።

የተጀመረው በዚህ ነው። ዓይኗን ከእኔ ያላነሳችው ጠጥቼ እስክጨርስ ነበር፤ እኔም ቶሎ እንዳያልቅ ቀስ ብዬ ጠጣሁ።

ሁሉም ጣፋጭ ነበር ብዬ ግን አልዋሽም። እሷ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የቦሬ ገበሬ ልጅ፣ በጦር ሰፈሩ የነዳጅና የውሃ ክፍል አሥር አለቃ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ቀድጄ ጽፌ ላክሁላት። በማግስቱ መለሰችልኝ፤ የእኔኑ ወረቀት፣ በቀይ እርሳስ ታርሞ። ከግርጌው «ጥሩ ሙከራ ነው፤ እኔም እወድሃለሁ» የሚል ነበረበት። ቀልዷ ነው። ስታየኝ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያን ወረቀት ዛሬም አልጣልኩትም። የማነበው ግርጌውን ነው፤ ዓይኔ የሚሄደው ግን ወደ ቀዩ ነው።

*

ከስድቡ በኋላ ያለቀ መስሎኝ ነበር። የዓለምወርቅ ግን ከያቤሎ የመጣላትን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ «አላየውም» አለች። አባቷ ለሚያቀርብላት ጥያቄ ሁሉ «እሺ አባዬ» ትላለች፤ ምግቧን ግን ሳትነካው ትነሳለች። እናቷ ሞታለች፤ በቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አባትና ልጅ ገበታ ላይ እንዲህ እየተያዩ ሰነበቱ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ አንድ ዓርብ ሐጂ ራሺድ ከሱቁ ጠራኝ። በሽምግልናው ውስጥ አንዱ እሱ ነበር።

«አሸቱ፣ ናጋ? ሰላም ነው?»

«ናጋ ነው ሐጂ።»

«ሰውየው ለስልሷል። ለእሑድ ተመለሱ ብሎናል። እሺ ይላል፤ እኔን ስማኝ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።» ፊቴን አየና፣ «በል እስቲ ፍታው ያንን ግንባር። ሬሳ የምታወጣ ነው የምትመስል» አለኝ።

ያን ዕለት በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አለፍኩ። ልጆቹን አሰልፋ ወደ ቤት እያሰናበተች ነበር። አየችኝና ወደ አጥሩ መጣች።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ደስ አላለህም?»

«ብሎኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ደስታም ያለ ትእዛዝ አታወጣም ማለት ነው?» ብላ በእንጨቱ መሃል ጣቷን አሾልካ የሸሚዜን ቁልፍ ነካች። «እሑድ ጫማህን ወልውል። አባዬ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው።»

በበሩ ላይ ስለ ጫማዬ የተባለውን ረስታው ይሆን፣ ወይስ እያወቀች እንድረሳው ፈልጋ? አልጠየቅኳትም። ጦር ሰፈር ገብቼ ወለወልኩት። ፊቴ እስኪታየኝ ድረስ ወለወልኩት፤ ግንባሬም ትንሽ ተፈታ መሰለኝ።

*

እሳቱ የተነሳው በማግስቱ፣ የካቲት 19፣ የቅዳሜ ገበያ ሞቅ ባለበት ሰዓት ነው። ዝናብ ከራቀ ሰንብቷል። ከሊበን የመጣው ከብት ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቋል፤ ንፋሱ አቧራ ነው የሚያወርድ። እኔና ሾፌሩ ጃታኒ የሰፈሩን ቤንዚን ከሐጂ ራሺድ መጋዘን ልንጭን ካሚዮኑን ይዘን ደርሰናል። ጃታኒ የሊበን ቦረና ነው፤ ብዙ የሚያወራ፣ ለሰው ፊት የማያደላ። ጩኸቱን መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው።

ነገሩን ላልነበረበት ሰው ግልጽ ላድርገው። ከገበያው ወደ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ቤቶቹ በአንድ ረድፍ ናቸው። መጀመሪያ ዳቦ ቤቱ፤ የሚነደው እሱ ነው። ቀጥሎ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ባልቴት የሣር ጎጆ። ከዚያ የአቶ ገብረአምላክ ትልቁ ቤት። ከዚያ የሐጂ ራሺድ መጋዘን፣ ቤንዚንና ላምባ የሞላ። ከመጋዘኑ ጀርባ ክሊኒኩ፣ በሽተኛ የተኛበት። ንፋሱ ከዳቦ ቤቱ ወደ መጋዘኑ ነው።

የነገሌ ሰው ቤቱን በጥድ ይሠራል። ሌላውን እንጨት ምስጥ ይጨርሰዋል፤ ጥድን አይደፍረውም። ሁሉም በዚህ ይኮራል፤ እኛም ያን ቤት ስንሠራ ጥድ ያልሆነ እንጨት አናስገባም ብለናል። ጥድ ግን ዘይት አለው። አንዴ እሳት ከያዘው እንደ ኩራዝ ነው።

በጦር ሰፈሩ የውሃ ቦቴ የቀረው ለመጠጥ እንኳ አልበቃም ነበር። ውሃ በሌለበት እሳት የሚቆመው ቤት ሲፈርስ ነው። ይህንን በሰፈራችን ተምረነዋል፤ ትምህርቱም አጭር ነው። ከሚነደው ቀጥሎ ያለውን ተወው፤ እሱ የእሳቱ ሆኗል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ጣል።

አለቃችን ሻምበሉ ወደ ፊልቱ ወጥቷል። ከሰፈሩ ሌላ ሰው እስኪደርስ ማዕረግ ያለኝ እኔ ነበርኩ።

«ጃታኒ፣ ሰንሰለቱን አውርድ።»

«በርሜሉን አንጭንም?»

«ግማሹን ጭነን ስንወጣ ግማሹ ይፈነዳል።»

«ቶሌ፣ እሺ። የማንን ነው የምንስበው?»

በእጄ አሳየሁት። ጃታኒ ቤቱን አየ፣ እኔን አየ። የሚያውቀውን ያውቃል፤ የእሑዱንም ነግሬዋለሁ።

«ጃለ» አለ፣ «ይኼማ የአንተ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ እኮ ነው ቀኑ።»

«ሰንሰለቱን አውርድ ነው ያልኩህ።»

ሰዉ ምን ልናደርግ እንደሆነ ሲገባው መጮህ ጀመረ። «የትርንጎን ጎጆ አፍርሱ» ይላል ሁሉም፤ ማን የቆርቆሮ ቤት ፈርሶ ጎጆ ሲተርፍ ማየት ይፈልጋል። እትዬ ትርንጎ ራሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው መጡ። «አፍርሱት ልጆቼ፣ እኔ ምን አለኝ። ጋኖቼን ብቻ አውጡልኝ» አሉ። ጎጆው ግን በዚያን ሰዓት በጀርባው በኩል መጨስ ጀምሯል። ያንን የሚጨስ ሣር ስበን ብንበትነው ንፋሱ ፍሙን ወስዶ ጥዱ ላይ ነው የሚያፈሰው። ይህንን ለማን አስረዳለሁ?

የዓለምወርቅ የእናቷን የልብስ ስፌት መኪና ታቅፋ ወጣች። ከባድ ነው። እኔ ደግሞ ሰንሰለቱን በማእዘኑ ምሰሶ ላይ እየጠመጠምኩ ነበር። ምሰሶውን አውቀዋለሁ፤ ስናቆመው ትከሻዬን ልጦታል። ቆመች። እኔን ሳይሆን ሰንሰለቱን ነው ያየችው።

«አሸቱ፣ ያኛውን ነው» አለች። ተሳስቼ የሆነ መስሏት ነው፤ እንደ ተማሪዋ ልታርመኝ። «ያኛውን።»

«ራቂ» አልኳት።

አባቷ በሩ ላይ ቆሟል። ያ በር። ያው ኮት፣ ያው ጥቁር ቁልፍ።

«ይውጡ፣ ጋሼ» አልኩት።

«ነገ ልጄን ልሰጥህ ነበር» አለ። ድምፁ እንደዚያ ቀኑ ሳይሆን ዝቅ ያለ ነበር። ወደ እኔ ቀረበ፤ ሰው እንዳይሰማው። «አሁንም እሰጥሃለሁ። ያችን ጎጆ አፍርስና ነገ ውሰዳት። በሽማግሌ ፊት ሳይሆን አሁን፣ እዚህ ቃሌን እሰጥሃለሁ። ይኼ ቤት ሚስቴ የሞተችበት ነው፣ አሸቱ።»

ከዚያ ቀን በፊት ስሜን ጠርቶት አያውቅም።

እንዳሰብኩ እንዳላሰብኩ አላውቅም። ሰዎች እንዲህ ባለ ጊዜ ልብ ይመታል፣ ጉሮሮ ይደርቃል ይላሉ። እኔ የተሰማኝ ነገር የለም። ከመጋዘኑ የቤንዚኑ ሽታ ይመጣል። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ሰው ያስላል። ክንዱን ያዝኩና ከበሩ አወጣሁት፤ ገፋሁት የሚሉ አሉ፤ ያዝኩት እንጂ አልገፋሁትም። ከዚያ ወደ ካሚዮኑ ዞርኩ።

«ሳብ» አልኩ።

ቤቱ በመጀመሪያው አልወደቀም። ደህና አድርገን ነበር የሠራነው። ጃታኒ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሳበ፤ ጣራው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ወደ ጓሮው ዘመም አለ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። ቆርቆሮውን፣ እንጨቱን፣ የተገኘውን ሁሉ ከመንገዱ ወደ ሜዳው ጎተትን። የትርንጎ ጎጆ በዚያው መሃል ነደደ። ፍሙ ክፍቱ ቦታ ላይ መጥቶ የቀረውን አንድ የጥድ አግዳሚ ያዘው፤ ሰንሰለት እስክናመጣ አልጠበቅኩም፣ በእጄ ይዤ ጎተትኩት። እንደሚያቃጥል የገባኝ ከጣልኩት በኋላ ነው።

እሳቱ ባዶው ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ሲመሽ ደግሞ ንፋሱ አቅጣጫውን ቀየረ።

ያ ንፋስ ነው የጨረሰኝ። ከተማው በሙሉ አየው። «ንፋሱ ለካ ሊዞር ነበር» አለ ሰዉ። «ቤቱ ባይፈርስም ይተርፍ ነበር።» ንፋሱ የዞረው የትርንጎ ጎጆ አመድ ከሆነ በኋላ መሆኑን የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ። መጋዘኑ አልፈነዳምና፣ ይፈነዳ እንደነበር ማን ያያል።

ከሰዉ መሃል የዓለምወርቅን ፈለግኳት። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ የፈረሰውን ቦታ ታያለች። ቀና ብላ አየችኝ። ያ ውሃ የሰጠችኝ ቀን ያየችኝ ዓይን ነው፤ ግን የማታውቀው ሰው ነበር የምታየው።

*

የሰፈሩ ሐኪም ሁለቱንም መዳፌን አጥቦ በፋሻ ጠቀለለው። «ይሰማሃል?» እያለ በመርፌ ጫፍ ነካካኝ። አይሰማኝም አልኩት። «ይመለስ ይሆናል» አለ። ይሆናል አለ እንጂ ይመለሳል አላለም።

ሻምበሉ ሲመለስ አስጠራኝ። «ደህና አድርገሃል» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ግን አቶ ገብረአምላክ ትልቅ ሰው ናቸውና ከሰፈሩ ትእዛዝ ወጣ እንዳትል። በራስህ ነው ያደረግከው» አለ። እውነቱን ነው፤ በራሴ ነው ያደረግኩት። ሰላምታ መስጠት ስላልቻልኩ ጭንቅላቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ ወጣሁ።

እትዬ ትርንጎ መጡ። ጎጆ የላቸውም፤ ጋኖቻቸው ግን ተርፈዋል። በጠርሙስ ጠላ ይዘውልኝ መጥተው አልጋዬ ዳር ተቀመጡና በእጃቸው አጠጡኝ። «ሰው ምን ይላል ብለህ አትብሰልሰል» አሉ። እሳቸው ስለ ገብረአምላክ ቤት አንድም ቃል አላነሱም። አላነሱምና ወደድኳቸው።

የዓለምወርቅ አልመጣችም። አባቷ በየሄደበት «ቃሌን ሰጥቼው ነበር፤ ቂሙ ግን በለጠበት» እንደሚል ሰማሁ። ቃሉን መቼ እንደሰጠኝ አይናገርም።

ትንሽ ቆይቶ ሐጂ ራሺድ መጣ። በር ላይ ጫማውን አራግፎ ገባ፤ ሳል ሳል አለ። መጋዘኑ ቆሟል፤ ይህንን እሱም እኔም እናውቃለን።

«አሸቱ፣ ነገሩን አብርደነዋል» አለ። «ልጅቷ አልቅሳ አልቅሳ አባቷን አሸንፋዋለች። እሑድ በእኔ ግቢ እንሰበሰባለን። አንተ ድንጋይ ተሸክመህ ትገባለህ፤ በቂም አደረግኩት፣ ይቅር በሉኝ ትላለህ። እሱ ይነሳል፣ ድንጋዩን ያወርድልሃል፣ ያቅፍሃል። እዚያው ልጁን ይሰጥሃል። አለቀ።»

«በቂም አላደረግኩትም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን አለበት? ሰውየው ቤቱን አጥቷል። በቂም ፈረሰ ካልተባለ፣ ጎጆ አፍርስ እያለ ሲለምንህ የነበረውን ሊያነሱበት ነው። እሱም ፊት ይፈልጋል። ድንጋይ ለአንድ አፍታ ነው የምትሸከመው፤ ሚስት ለዘላለም።»

«ሐጂ፣ አንተ እዚያ ግቢ ውስጥ ስለ በርሜሎቹ ትናገራለህ?»

ሐጂ ራሺድ ኮፍያውን አስተካከለ። «እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለ። «ሽማግሌ ነገር ያበርዳል እንጂ አያነሳም።»

እሱ ከወጣ በኋላ ጃታኒ ከወዲያኛው አልጋ ተነሣ። ሁሉንም ሰምቷል።

«ልትሸከም ነው?»

«አላውቅም።»

«እኔስ? ካሚዮኑን የነዳሁት እኔ ነኝ። ለእኔም ድንጋይ አለ?»

«ለአንተ ማን ልጅ ይሰጥሃል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «እኛ ዘንድ» አለ፣ «ሰው ያላረደውን ከብት አረድኩ ካለ፣ ሥጋው ሲበላም ዕዳው ይከተለዋል። ግን አንተ ትወዳታለህ። እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

የምወዳት መሆኑን እኔም አሰብኩ። እንደ ታሰበ ነገር ነው፤ እንደ እጄ። እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የእሷን አፍ መስማት። እሷ «በቂም እንዳላደረግከው አውቃለሁ» ካለችኝ፣ ድንጋዩን እሸከማለሁ። ትልቁን ቢሰጡኝም እሸከማለሁ። እሷ ካወቀች፣ ግቢው ውስጥ የምለው ለእነሱ የተነገረ ጨዋታ ነው። ይህንን ወሰንኩ፤ ጫማዬን ጃታኒ ወለወለልኝ።

*

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሐጂ ራሺድ ግቢ ሄድኩ። ጃታኒ በካሚዮኑ አድርሶኝ መንገዱ ላይ ቆመ። በአጥሩ ክፍተት ሲታይ ሽማግሌዎቹ በግራሩ ጥላ ሥር በአግዳሚ ተቀምጠዋል። አቶ ገብረአምላክ በመሃል ነው። አዲስ ኮት ለብሷል፤ አሮጌው በጭስና በአቧራ ተበላሽቶ ይሆናል።

የዓለምወርቅ በግቢው በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። ነጭ ለብሳ፣ በነጠላዋ ውስጥ የሆነ ነገር አቅፋ ይዛለች። ስታየኝ ፊቷ ተፈታ፤ ያንን ፊት ለማየት ስንት ቀን እንደጠበቅኩ አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል።

«እጅህ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ስላልመጣሁ ተቀይመሃል?»

«አልተቀየምኩም።»

«አባዬን ብቻውን መተው አልቻልኩም። የሐጂ ቤት ነው የምናድረው፤ ሌሊት እየተነሣ በሩን ይፈልጋል።» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም። ነጠላዋን ገለጥ አደረገችና የያዘችውን አሳየችኝ።

ድንጋይ ነው። የዳቦ ያህል። አንዱ ጎኑ ላይ የደረቀ ጭቃ አለበት።

«ከቤታችን መሠረት ነው ያወጣሁት» አለች። «እጅህ ታሟል ብዬ ቀላሉን መረጥኩ። ስንቱን አንሥቼ ጣልኩ መሰለህ። ትከሻህ ላይ እኔ አስቀምጥልሃለሁ፤ አንተ በክንድህ ደገፍ ታደርገዋለህ። እስከ ግራሩ ሩቅ አይደለም።»

ድንጋዩን አየሁት። ያ መሠረት ሲጣል እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ መሃል ይህችኛዋን ያስቀመጥኳት እኔ ልሆን እችላለሁ።

«ሁለት ቃል ነው» አለች። «በቂም አደረግኩት፣ ይቅር በሉኝ። ከዚያ ተነሥቶ ያወርድልሃል። እሱም ልቡ ወዳንተ ነው፤ አታይበትም እንጂ። ከፋሲካ በኋላ...» አልጨረሰችውም፤ ፈገግ አለች። «በል ጎንበስ በል።»

አልጎነበስኩም።

«የዓለም» አልኳት።

«ወዬ።»

«አንቺስ? በቂም ነው ትያለሽ?»

ግቢው ውስጥ ሐጂ ራሺድ የሆነ ነገር ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ። እሷ ዓይኗን ወደ ድንጋዩ ዝቅ አደረገች። ጭቃውን በአውራ ጣቷ ፈቀፈቀችው። አንድ ቃል ነበር የምፈልገው። አይደለም ብትል ይበቃል። እራሷን ብትነቀንቅም ይበቃኝ ነበር።

«አሁን ይህንን ማንሳት ምን ያደርግልሃል» አለች።

«ንገሪኝ።»

«ያኛውን ነው ስልህ እንኳ አላየኸኝም። ዓይንህን አየሁት እኮ፣ አሸቱ። አንዳች ነገር አልነበረበትም። ሰው በጤናው እንደዚያ አይሆንም።» ቀና አለች። እንባዋ አሁን ወረደ። «ቢሆንም ግድ የለም። አባዬ ምን እንዳለህ አውቃለሁ፤ ያን ቀን በመስኮት ሰምቻለሁ። እኔ ብሆንም ቂም ይዤ ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ። እዚያው እሳቱ ዳር ነው ይቅር ያልኩህ።»

ከልቧ ነው። ይህንን መካድ አልችልም። በሕይወቴ እንደዚያ በፍቅር ያየኝ ሰው የለም። ደብዳቤዬን በቀይ ያረመችውም በዚያው ዓይን ነበር፤ ስሕተቱን አይታ፣ ከነስሕተቱ ወድዳ።

ስሕተት ያልነበረበትን ግን አላየችውም።

ቀኝ እጇን ከድንጋዩ አንሥታ በፋሻው ላይ አኖረችው። ጣቶቿን አየኋቸው። ጠበቅ እንዳደረገችኝ ጅማቷ ላይ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም። እጄም እጇን አልያዘም፤ አለመያዙንም ያወቅኩት ዓይኗ ሲለወጥ አይቼ ነው።

«አሸቱ» አለች ቀስ ብላ። «ይጠብቁናል። ምን ትላለህ?»

የምለው ነበረኝ። ስለ ንፋሱ ነበረኝ፣ ስለ ቤንዚኑ፣ በሩ ላይ ስለተሰጠኝ ቃል፣ ክሊኒኩ ውስጥ ስለሚያስለው ሰው። ለአባቷ ያዘጋጀሁት ደግሞ ሌላ ነበር፤ ከጥር 12 ጀምሮ ቃል በቃል ያጠናሁት። ለእሷ ግን መልስ ይዤ አልመጣሁም። የመጣሁት ልሰማ ነበር፤ ሰማሁ።

እጄን ከእጇ ሥር ሳብኩት። ዞርኩና ወደ መንገዱ ሄድኩ። ጃታኒ ሲያየኝ ሞተሩን አስነሳ። ከኋላዬ አልጠራችኝም። ድንጋዩን መሬት ላይ ስታስቀምጠው ብቻ ሰማኋት፤ የሚሰበር ነገር ይመስል ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።